አንድ ሮቶ ለስድስት

አፍንጮ በር እነሰምሃር ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ፣ ማክሰኞ ነው። ሺህ ሊትር የሚይዘው ሮቷቸው ያን ቀን ከሞላ እስከሚቀጥለው ማክሰኞ እሱኑ አብቃቅቶ መኖር ነው። ስለዚህ የሂሳብ መምህሯ «ከቤታችሁ አንድ ችግር ፈልጉና ‹ያንሳል ወይም እኩል ነው› በሚለው ምልክት ጻፉት» ሲሉ፣ ሰምሃር ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም።

ጎበዝ ናት፤ ጉብዝናዋን ደግሞ ታውቀዋለች፣ ጣጣው እዚያ ላይ ነው። እራት ላይ ማንም ሳይጠይቃት ደብተሯን ገልጣ አነበበች። አንድ ሰው በቀን ሃያ አምስት፣ በሳምንት መቶ ሰባ አምስት ሊትር ይጨርሳል። ለልብስ አጠባ መቶ ሊትር ይሄዳል። የሰውን ብዛት ኤክስ አለችው፦

175x + 100 ≤ 1000

«ስለዚህ ኤክስ ከአምስት አይበልጥም» አለች ኮራ ብላ።

ገበታው ላይ የነበሩት ስድስት ናቸው። ስድስተኛዋ፣ ሰምሃር «አሞይ» የምትላቸው የአባቷ እህት፣ ወይዘሮ ወይኒ፣ ለዓይናቸው ሕክምና ከመቀሌ ከመጡ ሦስት ሳምንት ሆናቸው፤ ሐኪሙ ገና አንድ ወር ይቆዩ ብሏል።

«እኔስ ዓርብ ልሂድ እያልኩ ነበር» አሉ ፈገግ ብለው። አባቷ ቢቆጣ፣ እናቷ ብትለምን፣ ወይ ፍንክች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሰምሃር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። ሌሊቱን ከአሞይ አጠገብ ተኝታ ስሌቱን በልቧ ደጋገመችው፤ ስህተት የለውም። ያበሳጫትም ይኸው ነው።

ጠዋት አሞይ በግማሽ ጆግ ውሃ ፊታቸውን ሲታጠቡ አየች። ታዲያ ሃያ አምስት ሊትር ያለው ማነው? ማንም አላለም፤ ፀጉሯን ለመታጠብ ብቻ አንድ ጀሪካን የምታራቁተው እሷው ናት። ደብተሯን ገልጣ እንደ አዲስ ጻፈች። አሁን የማይታወቀው የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ሆነ፣ ዋይ አለችው። ስድስት ሰው፣ ሰባት ቀን፦

42y + 100 ≤ 1000

ለእያንዳንዱ ሃያ አንድ ሊትር ይደርሳል። ከሃያ አምስቱ የጎደለው ሁለት ጆግ ብቻ ነው።

አሞይ ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ እየከተቱ ነበር። አነበበችላቸው።

«ትናንት የማይታወቀው የሰዉ ቁጥር አልነበር እንዴ?» አሉ።

«ተሳስቼ ነው፣ አሞይ። እኛማ ስድስት ነን። የማይታወቀው ውሃው ነው።»

ወይዘሮ ወይኒ ዚፑን ግማሽ ላይ ተዉትና አልጋው ጫፍ ቁጭ አሉ።

«በይ እስኪ ድገሚልኝ፣ ጓለይ» አሉ። «ስንት ነን አልሽ?»