የጥፍር ቀለም የተቀባው ሪሞት

ልብስ ሰፊዋ አክስት እሁድ ከምሳ በኋላ ቤቷን ለቃ ልጇ ዘንድ እንድትገባ ተወስኗል። የወሰነው ልጅየው ነው። እሷ ነገሩን ስትሰማ ዝም አለች። ያቺ ሴት ዝም አለች ማለት ጉዳዩ ከብዷል ማለት ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ፣ ከንፈሯ መሀል አምስት ስፒል ይዛ እንኳ ወሬ አቋርጣ አታውቅም።

ጥፋቷ ምን መሰላችሁ? ሁለት ጊዜ የቤቷ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ እሷ ግን ጓዳ ውስጥ ሆና ምንም ሳታውቅ ተገኘች። አምፖሉ ሰው ሳይነካው ይበራል ትላለች። መጋረጃው በጠራራ ፀሐይ ራሱን ይዘጋል ትላለች። ልጇ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የአደጋ ፎርም ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ነውና፣ ሰምቶ ሰምቶ አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሰ፤ እማዬ መርሳት ጀምራለች፣ ብቻዋን አትኖርም። በቃ። ልጅ ሆኖ ስለሚወዳት ደግሞ ሐሳቡን የሚያስቀይረው አልተገኘም።

ካቻቢቴ የሚሏት የአክስቲቱ የእህት ልጅ ወሬው የደረሳት በዚያው እሁድ ነው። ይህ የብሎን መፍቻ ስም የወጣላት በልጅነቷ ያገኘችውን ዕቃ ሁሉ እየፈታች ስለምትበትን ነበር። አሁን አንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ባለች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ በሚቆምባት ሱቅ ሬዲዮና ምድጃ ትጠግናለች። ሙያውን ማንም አላስተማራትም፤ ይህንን ለመናገርም ማንም እስኪጠይቃት አትጠብቅም።

ስትደርስ ልጅየው ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለ ካርቶን ውስጥ ይደረድራል። አክስቷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የታክሲ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላለች።

"እንኳን መጣሽ፤ ያንን ገመድ አቀብዪኝ" አላት ልጅየው።

"ገመዱ ለዕቃው ነው ለአክስቴ?"

"ካቻቢቴ፣ ዛሬ ምላስሽን አልችልም። ፒክአፑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል።"

ገና አፉን ሳይዘጋ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ጓ ጓ እያለ መዞር ጀመረ። የጋዜጣው ቁራጭ ሁሉ ቤቱን ሞላው።

"እማዬ! አሁን ደግሞ ለምን ከፈትሽው?"

አክስቷ ሁለት እጆቿን ከቦርሳው ላይ አንስታ ዘረጋችለት። ሪሞቱ እሷ ዘንድ ሳይሆን ከማዶ ጠረጴዛው ላይ ነው።

"ዕቃ ሲነካው ተጭኖ ይሆናላ" አለ ልጅየው።

"ማን ተጫነው ጋሼ? ዝንብ?" ካቻቢቴ ሪሞቱን አንስታ ማራገቢያውን አጠፋችና ገለበጠችው። አራት ቁልፍ አለው፤ አንድ አምፖል፣ ሁለት ማራገቢያ፣ ሦስት መጋረጃ፣ አራት የውጭ በር። ጀርባው ላይ የሚያብረቀርቅ ቀይ ነገር ተለቅልቋል። "ይሄ ምንድን ነው?"

ልጅየው ሥራው ተጠይቋልና ተንበርክኮም ቢሆን ደረቱን ነፋ። ሪሞቱንና የሚታዘዙለትን ሳጥኖች ላይኛው ፎቅ ላይ ከሚኖሩት ጎረቤት ጋር ባንድ ካርቶን ነው የገዛው። ሁለቱንም ቤት የገጠመው ራሱ ነው፤ አንድ ባለሙያ ደጁን አልረገጠም። "ሪሞቶቹ እንዳይምታቱ ብዬ ቀለም ቀባኋቸው። የኛ ቀይ፣ የላይኛው ቤት ወይን ጠጅ። የባለቤቴን የጥፍር ቀለም ጨረስኩባት፤ እስካሁን አኩርፋኛለች።"

"እሺ፣ ከውስጥስ ምን አደረግከው?"

"ውስጡን ምን ላደርግ እነካዋለሁ? አዲስ ዕቃ እኮ ነው!"

ካቻቢቴ ከጸጉሯ ውስጥ ካቻቢቴ መዘዘች፤ እርሳስ እንደሚሰካ ሰው እዚያ ነው የምታኖረው። ሪሞቱን ከፈተችው። ከባትሪው አጠገብ ስምንት ነጫጭ፣ የሩዝ ፍሬ የማያህሉ ጥርሶች ተደርድረዋል። ሁሉም ወደ ታች። ወንበር ላይ ወጥታ የማራገቢያውን ሳጥን ፈታች። እዚያም ስምንት ጥርስ። ሁሉም ወደ ታች።

"ጋሼ፣ ና ተመልከት። ይሄ ነገር በሬዲዮ ነው የሚጣራው። ቀይ ይሁን ወይን ጠጅ፣ ሬዲዮ ቀለም አያይም። የሚያየው እነዚህን ጥርሶች ነው። ከፋብሪካ ሲወጡ ሁሉም ወደ ታች ናቸው፤ የገዛው ሰው እንደፈለገ ከፍና ዝቅ አድርጎ የራሱ ያደርጋቸዋል። አንተ አንዱንም አልነካህም። ስለዚህ የላይኛው ቤት ሪሞት ሲጣራ የአክስቴም ዕቃ 'አቤት' ይላል። አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል እኮ!"

ልጅየው አንገቱን አከከ። "ወረቀቱን... ቀለሙ ወለል እንዳያበላሽ ከሥር አንጥፌው ነበር።"

ከወንበሩ በኩል 'ህም' የሚል ድምፅ ተሰማ። የአክስቷ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

"ቆይ ቆይ" አለ ልጅየው፣ ጋዜጣውን እንደገና እያነሳ። "እንዲህ ከሆነ የላይኛው ሰውዬ ቤትም ሲበራና ሲጠፋ መዋል ነበረበት። ዕቃው ከተገጠመ ሦስት ወር ነው፤ አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም። ይሄ ያንቺ ግምት ነው። የእማዬ በር ክፍት መገኘት ግን ግምት አይደለም። ሌባ ቢገባባትስ? እኔ ነኝ እድሜ ልኬን የምጸጸተው።" ካቻቢቴ ሰዓቷን አየች። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች።

የላይኛው ቤት ባለቤት ጡረታ የወጡ የተሳቢ መኪና ሹፌር ናቸው። ሰፈሩ ጋሽ ተሳቢ ይላቸዋል፤ ሰውነታቸውም ለስሙ አያንስም። በሩን ከፍተው አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

"ጋሽ ተሳቢ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቤትዎ ውስጥ ራሱን የሚያበራ፣ ራሱን የሚያጠፋ ነገር አለ?"

ሰውየው ደረጃውን ወደ ላይም ወደ ታችም ቃኙ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ማን ነገረሽ?"

"አለ ማለት ነው?"

"ልጄ፣ ሦስት ወር ሙሉ! ቁጭ ባልኩበት መጋረጃው ይዘጋብኛል። በሩ ክፍት ሆኖ አገኘዋለሁ። ጭንቅላቴ ነው ብዬ ዋጥ አደረግኩት። ልጆቼ ቢሰሙ ምን እንደሚያደርጉኝ አውቃለሁ፤ ጠቅልለው ወስደው ከልጅ ልጆቼ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚያጉሩኝ። እባክሽ ለማንም እንዳትናገሪ!"

ካቻቢቴ ሳቋ አመለጣት። "ጋሽ ተሳቢ፣ ጭንቅላትዎ ከኔ ይሻላል። ባለ ወይን ጠጁን ሪሞት ይዘው ይምጡልኝ።" ከዚያ ደረጃው መሀል ላይ ጎንበስ ብላ ወደ ታች ጮኸች፤ "ጋሼ! ቤቱ መሀል ቁም! ያየኸውን እየጮህክ ንገረኝ!"

"ምኑን?"

"ጋሽ ተሳቢ፣ አንድን ይጫኑ።"

"አምፖሉ በራ!" አለ ከታች።

"ሁለትን።"

"ማራገቢያው ዞረ!"

"ሦስትን።"

"መጋረጃው... ኧረ በእናትሽ! ተዘጋ!"

"አራትን።"

ጋሽ ተሳቢ የገዛ በራቸው ከኋላቸው ቀጭ ብሎ ሲፈታ ሰምተው ዞር አሉ። ትንሽ ቆይቶ ልጅየው ከታች ደረጃው ላይ ታየ። እጁ ላይ ግማሽ የተጠቀለለ ሳህን አለ፤ ፊቱ ጋዜጣ መስሏል።

"በሩ ተከፈተ" አለ በቀስታ። "አጠገቡ ቆሜ። ማንም ሳይነካው።"

ከቤት ውስጥ የሴት ሳቅ ፈነዳ። አክስቷ ቦርሳዋን ወርውራ ተነስታለች። "ካቻቢቴዬ! ያንን ቀይ ሪሞት ወዲህ በይ!" ካቻቢቴ ወርዳ አቀበለቻትና ቁጥር ሁለትን ደጋግማ ነካችው፤ ማራገቢያ መኖሩን ያወቀችው ዛሬ ይመስል።

"ኧረ እትዬ በቃዎት!" የሚል ጩኸት ከላይ መጣ። "የሎተሪ ትኬቴን አበረሩብኝ!"

"ሦስት ወር ያበሩብኝን እኔም ልመልስልዎት እንጂ!"

በዚህ መሀል ፒክአፑ ደርሶ ጡሩንባውን ነፋ። ሹፌሩ እጅጌውን ሰብስቦ ወረደ። "ጭነቱ የት ነው?"

"ጭነቱ ሐሳቡን ቀይሯል" አለች አክስቷ። "ለደከምክበት ይሄ ልጄ ያስብልሃል። አንተ ደግሞ ሳህኖቼን ከጋዜጣ አውጣ፤ እንዳትሰብራቸው ቀስ በል።"

ልጅየው ሳህን እያወጣ፣ አንድ ሳህን ባወጣ ቁጥር "እማዬ፣ ይቅር በይኝ" እያለ አሥራ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀ። በአሥራ ሦስተኛው "በቃህ፤ ብርጭቆ ደርሷል፣ ዝም ብለህ አውጣ" ተባለ።

ካቻቢቴ ቆጣሪውን አጥፍታ የበሩን ሳጥን ነቀለችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "አክስቴ፣ አምፖሉም ማራገቢያውም መጋረጃውም ጥርሳቸው ከተቀየረ ይበቃቸዋል። በሩ ግን በዚህ አይጠበቅም። ሪሞቱ በተጫንሽው ቁጥር ያንኑ አንድ ቃል ነው የሚደግመው፤ ደጅ ቆሞ ቃሉን በመሣሪያ የቀዳ ሰው መልሶ ይከፍትበታል። የድሮውን የብረት ቁልፍ ነው የምመልስልሽ። ለጋሽ ተሳቢም እንደዚሁ።"

"መልሺው፤ እሱስ መቼ አስቸገረኝ። ጥርሱን ግን ማን ነው የሚያስተካክለው?"

"እኔ ነኛ።"

"አንቺ ክፈቺልኝ እንጂ ጥርሱ የኔ ነው።" አክስቷ ስፒል አመጣች። ልጇንና ካቻቢቴን ጀርባቸውን እንዲያዞሩ አዘዘች። ካቻቢቴ በሙያዋ ማንም አዝዟት አያውቅም፤ ዞረች። ከኋላቸው ጥቃቅን ቀጭ ቀጭ ይሰማል፤ መጀመሪያ ሪሞቱ፣ ቀጥሎ አምፖሉ፣ ከዚያ ከጣሪያ የወረደው የማራገቢያው ሳጥን።

ልጅየው ፊቱን ግድግዳው ላይ እንዳደረገ ጉሮሮውን ጠረገ። "እማዬ፣ የጥርሶቹን አደራደር ወረቀት ላይ ብትጽፊው አይሻልም? ምናልባት ብትረ..."

ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ካቻቢቴ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቋን አፈነች። ከኋላቸው ቀጭ ቀጩ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ መጋረጃው ላይ ቀጠለ፣ ሳይፋጠን ሳይዘገይ።

"ዙሩ" አለች አክስቷ። ወረቀት የለም፣ እስክሪብቶ የለም። ካቻቢቴ ሳጥኖቹን በየቦታቸው ገጥማ ቆጣሪውን መልሳ ከፈተች። አክስቷ ሪሞቱን አንስታ ሦስትን ተጫነች። መጋረጃው ተከፈተና የከሰዓቱ ፀሐይ ባዶዎቹ ካርቶኖች ላይ ተዘረጋ። ሁለትን ተጫነች፤ ማራገቢያው ዞረ። አንድን ተጫነች፤ በቀን አምፖሉ ቦግ አለ።

"ጋሽ ተሳቢ!" ብላ ጣሪያውን በመጥረጊያ እጀታ ደበደበች። "እርስዎ ዘንድስ?"

"ምንም አልተነካም!" አሉ ከላይ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፤ "እትዬ፣ የኔንም ይምጡና ያስተካክሉልኝ፤ ለልጅዎ ግን አይስጡት!"