የፊርመን አረማመድ

ፕላሲድ ዳቦ ሲገዛ እንኳ ገልብጦ ሆዱን ሳያይ ሂሳብ አይከፍልም። የወንዙ ወደብ ላይ ዕቃ ፈታሽ ነው፤ ከማዶ፣ ከኪንሻሳ፣ በጀልባ የሚሻገረውን ጆንያ በብረት ዘንግ እየወጋ «ይሄ ምንድነው? ከሥሩስ ምን አለ?» ሲል ይውላል። ጠባዩ ደግሞ ከሥራ ሲወጣ አብሮት ይወጣል። እኛ የባኮንጎ ሰፈር ሰዎች «ፕላሲድ የገዛ ጥላውን ማን ላከህ ይለዋል» እያልን እንስቅበታለን። እሱ አይስቅም።

ማንንም አያምንም ብል ግን እዋሻለሁ። ታላቅ ወንድሙን፣ ፊርመንን፣ እንደ ፈጣሪው ያምነው ነበር።

ፊርመንን ደግሞ ማን ያላመነው አለ! እሁድ ከሰዓት በማትሱዋ ጎዳና ብቅ ሲል ቢራ የያዘ ቢራውን ያስቀምጣል። እኛ ዘንድ ሳፐር ማለት ምሳውን ዘሎ ሱፉን የሚያስተኩስ ሰው ነው፤ ፊርመን የሳፐሮች አውራ ነበር። ከሦስት ቀለም በላይ ሲለብስ ያየው የለም። ሕጉ ነዋ! አራተኛ ቀለም ከተጨመረች ሰውየው ዘናጭ መሆኑ ቀርቶ በቀቀን ይሆናል። ክሬም ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የወይን ጠጅ ቀለም ክራባት፣ ከክራባቱ ጋር የሚሄድ የአዞ ቆዳ ጫማ። አቤት ያ ጫማ! በግራው አፍንጫ ላይ ከፒፓው የወደቀ ፍም የተኮሳት ጥቁር ነጥብ ነበረች፤ እሷንም «ማርያም የሳመችው» ብለን አሞገስናት እንጂ ጉድለት ነው ያለ አልነበረም።

ከጫማው በላይ ግን አረማመዱ! መጀመሪያ በእግሩ ጣት መሬቷን ዳሰስ፣ ጉልበቱን ሸብረክ፣ ከዚያ አጠር ያለች እርምጃ፣ ቆም። ደግሞ ሌላ። ከጎዳናው ባር ደጅ ተነስቶ የመንገዱ መብራት ጋ እስኪደርስ አንድ ዘፈን ያልቅ ነበር። የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ያን አረማመድ ቀዳው። ፕላሲድማ ጆንያ ሊወጋ ሲሄድ እንኳ እንደዚያ ነበር የሚሄደው።

ፊርመን ዐምና ታሞ ሞተ። አስከሬኑ ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ያን ጫማ አድርጎ ሳጥን ውስጥ ሲገባ አክስታቸው ማማ ጆዜት መቀስና ምላጭ ይዛ መጣች። የሙት ልብስ ይቀደዳል፣ ጫማው ይሰነጠቃል፤ ያለዚያ የመቃብር ሌቦች ሬሳውን አያስተኙትም። ፕላሲድ ሳጥኑ ላይ ተጋደመ።

«ማማ፣ ይሄን ጫማ ከምትቆርጪ እኔን ቁረጪኝ!»

«አንተን ማን ይሰርቅሃል?» አለች ማማ ጆዜት። «ልጄ፣ ሌባ ለቆንጆ ነገር አያዝንም። ተነስ ከዚህ።»

«ፊርመን ተቀዶ አይቀበርም! አልኩ አልኩ!»

እኛም ደገፍነው። ምን ይባላል፣ ጨርቅ ስንወድ ልብ የለንም። ማማ ጆዜት መቀሷን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ «ነግሬሃለሁ» ብላ ሄደች።

ዓመቱ ሞላና ከል የሚወልቅበት ቀን ደረሰ። የፊርመን ሚስት ክላሪስ ጥቁሩን ጥላ አዲስ ባለ አበባ ጨርቅ ለበሰች፤ በግቢው ዓሣ ተጠበሰ፣ ካሳቫ ቀረበ፣ ቢራው ፈሰሰ። ሳፐሮቹ አንድ በአንድ እየተንጎራደዱ ገቡ። ከሁሉም ኋላ ዴዚሬ መጣ።

ዴዚሬ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ የፊርመን የልጅነት ጓደኛ። ንጹሕ ለባሽ ነው፣ ግን እግሩ ላይ ሁልጊዜ ያችው ጥቁር ጫማ ስለምትታይ ማንም ዞር ብሎ አይቶት አያውቅም። ያን ቀን ግን አየነው። ፕላሲድ ዓሣውን እንደጎረሰ ቀረ። ዴዚሬ የወይን ጠጅ ቀለም የአዞ ቆዳ ጫማ አድርጓል። በግራው አፍንጫ ላይ ጥቁር ነጥብ አለች።

ፕላሲድን ላብ አጠመቀው። ወንድሜ መሬት ሥር ባዶ እግሩን ነው፣ ብሎ አሰበ። መቀሱን የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ ባዶ እግሩን ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ክላሪስን ጓዳ ድረስ ተከትሎ ገባ።

«የዴዚሬን እግር አይተሻል?»

እጇ ላይ ያለውን ሳህን አስቀመጠች። «ዛሬ የእግር ቀን ነው እንዴ? እንግዳ አስተናግድ።»

«የፊርመን ጫማ ነው!»

«ፕላሲድ፣ በወንድምህ ሞት፣ ዛሬን ተወኝ» አለችና ፊቷን ወደ ድስቱ አዞረች።

ፊት ያዞረ ሰው ደግሞ ለፕላሲድ በቂው ነው። ወደብ ላይም ጆንያውን ሳይሆን የባለ ጆንያውን ዓይን ነው የሚያየው።

በማግሥቱ ወደ መቃብሩ ሄደ። በጉልበቱ እየዳኸ ሲሚንቶውን ዳር ዳሩን ዳበሰው። ስንጥቅ የለም፣ የተነካ ነገር የለም። መጀመሪያ ተመስገን አለ፤ ወዲያው ግን ሌላ ነገር መጣበትና ብድግ አለ። መቃብሩ ካልተከፈተ ጫማው ድሮም አልተቀበረማ! ሳጥኑ ሊከደን ሲል ዴዚሬ «ሁላችሁም ውጡልኝ፣ ክራባቱ ጠምሟል፤ ፊርመን ጠማማ ክራባት አስሮ ፈጣሪ ፊት አይቀርብም» ብሎ ነበር። ሁሉም አልቅሶ ወጣ። ውስጥ የቀሩት ዴዚሬና ክላሪስ ብቻ ናቸው።

«ዴዚሬና ክላሪስ» አለ ፕላሲድ ለራሱ፤ ሁለቱን ስም ባንድ ላይ ሲጠራቸው ደግሞ ሌላ ትርጉም ሰጡት።

ከክላሪስ ግቢ ጀርባ ቦምቦሊኖ የምትጠብስ ኦርታንስ የምትባል ሴት አለች። ፕላሲድ ሄዶ ሲገዛ፣ ያው እንደ ልማዱ እያገላበጠ፣ እንደ ዋዛ ጠየቃት። «ዴዚሬ እዚህ ይመጣል?»

«እሱ? ስንት ዓመቱ! ፊርመን እያለ እሁድ እሁድ ጠዋት በጓሮ በር ይገባ ነበር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ። ማታ ደግሞ ጥቅሉን ይዞ ይወጣ ነበር። እኔ ሰው አላማም እንጂ፣ ለሴት ሥጋ የሚያመላልስ ነበር የሚመስለው።» ሳቀች። «ምነው? ቦምቦሊኖው ድንጋይ አለው? እያየህ ትጨርሰዋለህ እኮ!»

ፕላሲድ ቦምቦሊኖውን ጥሎላት ሄደ። እንግዲህ ሁሉም ነገር ገጠመለት። ጓደኛ ተብዬው ወንድሙ በሕይወት እያለ በጓሮ በር ይገባ ነበር፤ ሲሞት ደግሞ እግሩን ገፈፈው፤ ሚስቲቱም ሻማ አበራችለት! ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል። ወደብ ላይ የወጋው ጆንያ ሁሉ ዴዚሬን ይመስለው ነበር።

እሁድ ደረሰ። ማትሱዋ ጎዳና ሞልቷል፤ ዴዚሬ ባሩ ደጅ፣ ግራጫ ሱፉን ለብሶ፣ ያን ጫማ አድርጎ ተቀምጧል። ፕላሲድ መንገዱ መሀል ቆመ።

«ያያ ዴዚሬ!» አለ። ያያ የምንለው ታላቃችንን ነው፤ ፕላሲድ ግን ቃሏን እንደ ስድብ ነበር የተፋት። «ቆንጆ ጫማ ነው። ከየት ቆፍረህ አወጣኸው?»

ሳቅ ተነሳ፤ ወዲያው ደግሞ ነገሩ ለሰው ገባው። የሁሉም ዓይን ጥቁሯ ነጥብ ላይ ወደቀ።

«ፕላሲድ፣ ቤት ሄደን እንነጋገር» አለ ዴዚሬ ቀስ ብሎ።

«በየትኛው በር? በጓሮው?»

«ባክህ ወንድሜ...»

«ወንድምህ አይደለሁም! ወንድሜን ሳጥን ውስጥ የገፈፍከው አንተ ነህ። አይደለሁም በላ! እዚህ ሰው ፊት ተናገር!»

ዴዚሬ ዙሪያውን አየ፤ እኛን፣ ወጣቶቹን፣ ባሩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የፊርመንን ፎቶ። ፎቶው ላይ ዓይኑ ቆየ።

«እሺ» አለ። «ወስጃለሁ። ሌባ ነኝ።»

ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ፤ ተረከዙን በመዳፉ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ለፕላሲድ ሰጠው። ከዚያ በካልሲ ብቻ አቧራውን እየረገጠ ሄደ። ያልሰደበው የለም። እኔም ሰድቤዋለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። «የሙት ገፋፊ!» ያለው አለ፤ የቢራ ቆርኪ የወረወረበትም አለ። ሩቅ እስኪደርስ ድረስ ቀይ ካልሲው ይታይ ነበር።

ፕላሲድ ግን ደስ አላለውም። ሰውዬው ለምን ቶሎ አመነ? ሌባ እንዲህ ቶሎ አያምንም፤ ወደብ ላይ አንድም ቀን አላየም። ይሄን እያብሰለሰለ ክላሪስ ቤት ደርሶ ጫማውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ይኸውልሽ! ያንቺ ሰውዬ ሰው ፊት አመነ። ሌባ ነኝ አለ።»

ክላሪስ ደርቃ ቀረች። «ዴዚሬ? ሌባ ነኝ አለ?»

«አለ!»

«የኔ ጌታ...» ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፤ ፕላሲድን ትክ ብላ አየችው። «የፊርመን ጫማ ሁሉ ልክህ አይደለም? ከልጅነትህ ጀምሮ የሱን አይደል ስታደርግ ያደግከው?»

«ታዲያስ?»

«አድርገዋ።»

«የሙት ጫማ...»

«አድርገው አልኩህ!»

አደረገው፤ ማለቴ ሊያደርገው ሞከረ። ጣቶቹ ገቡ፣ ተረከዙ አልገባም አለ። ታገለ፣ ማንኪያ አምጥታ ሰጠችው፣ በማንኪያ ሸርተት አድርጎ በግድ አስገባው። ሲቆም ጣቶቹ ተጣጥፈው ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች።

«አሁን ተራመድ» አለች ክላሪስ።

አንድ እግሩን አነሳ። መሬቱን በጣቱ ዳሰስ አደረገ፣ ሲያመው ጉልበቱ ሸብረክ አለ፣ አጠር ያለች እርምጃ፤ ቆመ። ደግሞ ሌላ። ሦስተኛዋ ላይ ምን እያደረገ እንደሆነ ገባውና ግድግዳውን ያዘ።

«ጠባብ ነው» አለ። ድምፁ ተለወጠ። «ክላሪስ፣ ጠቦታል። ፊርመንን ጠቦት ነበር።»

«ያንተ አይደለማ፣ የሱም አልነበረም። የዴዚሬ ነው። አጎቱ ከፓሪስ ያመጡለት። ፊርመን ለመጀመሪያ ቀን ጎዳና ሲወጣ ጫማ አልነበረውም፣ ዴዚሬ ላንድ ቀን አዋሰው። እናንተ አጨበጨባችሁ። በሚቀጥለው እሁድ 'የፊርመን ጫማ የታል?' አላችሁ። ዴዚሬ ምን ይበል? ከዚያ ወዲያ በጋዜጣ ጠቅልሎ ጠዋት ያመጣል፣ ማታ ይወስዳል። እኔ ደግሞ ያን እግር በሞቀ ውሃና በጨው ስነክር ነው የኖርኩት። ሲያመው የሚሄደውን አካሄድ እናንተ ጥበብ አላችሁት!»

«ሳጥኑስ?»

«ፊርመን ነው ያስማለኝ። 'የሰው ዕቃ ይዤ መሬት አልገባም፣ ግን ለማንም እንዳትነግሪ' አለኝ። ዴዚሬ ራሱ አወለቀለትና የፊርመንን የገዛ ጫማውን፣ ጥቁሩን፣ ልኩን፣ አደረገለት። 'አሁንስ እግሩ ይረፍ' ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ከሉ እስኪወልቅ ዓመት ጠበቀ፤ እንዲያው አንድ ቀን እንኳ የገዛ ጫማውን አድርጎ እዚህ ግቢ ቢገባ ምናለበት?»

ፕላሲድ ጫማው እግሩ ላይ እንዳለ ቁጭ አለ። ሊያወልቀው ሲሞክር እምቢ አለው፤ ክላሪስ ናት ጎትታ ያወለቀችለት።

በሚቀጥለው እሁድ ዴዚሬ ይወጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ፕላሲድ ግን ቤቱ ሄዶ በር ላይ ቆሞ፣ እየለመነ፣ እየተቆጣ፣ በመጨረሻም ክንዱን ይዞ አመጣው። ገና ስናያቸው ፉጨቱ ተጀመረ። ፕላሲድ ባሩ ደጅ፣ ፎቶው ሥር ወንበር አስመጥቶ ዴዚሬን አስቀመጠውና እግሩ ሥር ተንበረከከ። በጋዜጣ የተጠቀለለውን ፈታ።

«ስሙ!» አለ ጮክ ብሎ። «ይሄ ጫማ...»

«ተው ፕላሲድ» አለ ዴዚሬ በሹክሹክታ። «ተው ዝም በል። ስሙን አታንሳ፤ እኔ እችለዋለሁ።»

«እኔ አልችለውም!» ቀና ብሎ አየን። «ይሄ ጫማ የዴዚሬ ነው። ድሮም የሱ ነው። ወንድሜ በውሰት ነው ያጌጠበት፣ እኔ ደግሞ ባለቤቱን ሌባ አልኩት። ፊርመንን ጠቦት ነበር፤ ያ አረማመድ ሕመም ነው።»

ከወጣቶቹ አንዱ፣ እንደ ፊርመን ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ የቆመው፣ ቀስ ብሎ እግሩን ዘረጋ። እኔም የራሴን ጫማ ሳይ ተገኘሁ። ሰፊ ነው፣ ምንም አያመኝም፣ ግን ስንት ዓመት በጣቴ ጫፍ ስሄድበት ኖሬያለሁ።

ፕላሲድ ጫማውን ለዴዚሬ አጠለቀለት። ያለ ማንኪያ፣ ያለ ትግል ገባ። ዴዚሬ ተነሳ፣ ኮቱን ሳብ አደረገ፣ ፎቶውን አንድ ጊዜ አየው። አሁን እንግዲህ ባለቤቱ ነው፣ እንደ ልቡ ይሄዳል ብለን መንገድ ለቀቅንለት።

እሱ ግን በጣቱ መሬቷን ዳሰሰ። ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ፣ አጠር ያለች እርምጃ፣ ቆም። ደግሞ ሌላ። ጫማው ልኩ ነው፤ ሆኖም የመንገዱ መብራት ጋ እስኪደርስ ድረስ እንደጠበበው ሰው ሄደ። ፕላሲድ እንደተንበረከከ፣ የተቀደደውን ጋዜጣ ፊቱ ላይ ይዞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለቅስ ነበር።