የሌላ ሰው ክምር

አራት ዓመት የተማረውን ትቶ በትርፍ ሰዓቱ የለመደውን ለሚወድ ሰው ምን ስም ይወጣለታል? የእሜቴ እናት «ዕብደት» ብለውታል። እሜቴ የምጣኔ ሀብት ተማሪ ናት፤ ልትመረቅ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። «እሜቴ» የሚለውን ስም ያወጡላት የመኝታ ክፍል ጓደኞቿ ናቸው። ገና በሃያ ሁለት ዓመቷ እንደ ባልቴት ረጋ ብላ ትራመዳለች፤ አልጋ ለማንጠፍ ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል። ከተመረቀች በኋላ መጽሐፍ መጠረዝ እንደምትፈልግ በስልክ ስትነግራቸው እናቷ፣ ልብስ ስፌት እንኳ ቢሆን ይለበስ ነበር አሉ።

ነገሩ የጀመረው በሁለተኛ ዓመት ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ የተዋሰችው መጽሐፍ እጇ ላይ ተገነጠለና፣ እንዳትቀጣ ፈርታ ምድር ቤት ወዳለው የጥረዛ ክፍል ይዛው ወረደች። ጠራዡ ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጽሐፉን አዩት፣ እሷን አዩዋት፣ የገነጠለ ይሰፋል ብለው መርፌና ክር አስያዟት። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ጣቷን ወጋች። ከዚያ ወዲያ ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ የሚያገኛት ጠፋ። ስለ ዋጋ ንረት ሲነገራት እንቅልፏ የሚመጣው ልጅ፣ ስለ ሙጫ ውፍረት ሲወራ ጆሮዋ ይቆም ጀመር። ልጅቷን ፍቅር ይዟት ነበር፤ ሰው ባይሆንም ፍቅር ፍቅር ነው።

ጥፋቷ የወደደችውን ለሰው ማሳየቷ ነው። በሦስተኛ ዓመት ሳቂታን ይዛት መጣች። ሳቂታ ከጎኗ ባለው አልጋ የምትተኛ ጓደኛዋ ናት። ያን ሰሞን ከፍቅረኛዋ ተለያይታ ለቅሶዋ ክፍሉን አላስተኛ ስላለ፣ እሜቴ አዘነችላትና እጅሽን ሥራ እናስይዘው ብላ ይዛት ወረደች። በገዛ እጇ።

ሳቂታ እሜቴ ዓመት የፈጀባትን በአንድ ወር ቻለችው። ያውም እያወራች፣ እየሳቀች፣ ክሩን እንኳ በወጉ ሳታይ። ለእሜቴ የሚኮማተረው ቆዳ ለሷ እሺ ብሎ ይወጠራል። ጋሼ ለምስጋና አፋቸው የማይፈታ ሰው ናቸው፤ አንድ ቀን ግን የሳቂታን ሥራ አገላብጠው አይተው «እጅ ማለት ይሄ ነው» አሉ። እሜቴ ጀርባዋን ሰጥታ ካርቶን ትቆርጥ ነበር፤ ቢላዋው ከመስመር ወጣባት። ለእሷ በሁለት ዓመት ውስጥ ያሏት ትልቁ ነገር «አትቸኩዪም፣ ደህና ነው» ነበር። መቅናቷን አልካደችም፤ ቀናሁ፣ በቃ፣ አለች ለራሷ። ቅናት ግን ስላመኑለት የሚለቅ ነገር አይደለም።

ምረቃው ሲቃረብ ለጋሼ አንድ ቋሚ ረዳት ተፈቀደላቸው። ስም የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው። ሁለቱንም ጠርተው አንድ አንድ አሮጌ ወፍራም መጽሐፍ ሰጧቸውና፣ ፈትታችሁ፣ ጠግናችሁ፣ መልሳችሁ ጠርዙ፤ ቅዳሜ አይቼ እወስናለሁ አሉ። ሌሎቹ ተመራቂዎች የምረቃ ካባ ሲለኩና ፎቶ ሲነሱ፣ እሜቴ የምታስበው ያቺን አንድ ቦታ ብቻ ነበር። መስኮት ካለው ጥሩ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ራሷን ስታስብ ይጨንቃታል፤ መስኮት በሌለው ምድር ቤት፣ ከመጽሐፍ መጭመቂያው አጠገብ ስታስብ ግን ትንፋሿ ይመለሳል።

በጥረዛ ክፍሉ የማይጣስ ሕግ አለ። ወፍራም መጽሐፍ የሚሠራው ከብዙ እጥፋት ነው፤ አንዱ እጥፋት አሥራ ስድስት ገጽ ይይዛል፤ እጥፋቶቹ ከመሰፋታቸው በፊት በተራ ይከመራሉ። የራስን ክምር ራስ ማጣራት ግን ክልክል ነው። ዐይን የለመደውን አያይም ይላሉ ጋሼ። ስለዚህ አንዷ የሌላዋን ክምር ገጽ በገጽ ፈትሻ፣ በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ በእርሳስ ትንሽ ምልክት ታደርጋለች። ምልክት የሌለው አይሰፋም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሳቂታ ክምሯን ገፋ አደረገችላትና፣ እስክታዪልኝ ሻይ ላምጣ ብላ ወጣች። እሜቴ መፈተሽ ጀመረች። ዘጠና ስድስት ላይ ደርሳ ቀጣዩን ስትገልጥ መቶ አሥራ ሦስት ይላል። ከዘጠና ሰባት የሚጀምረው እጥፋት ከሥሩ ገብቷል። ሁለቱን ማቀያየር ነው፤ የአንድ አፍታ ሥራ። እጇን ዘርግታም ነበር። በዚያው ቅጽበት ከኮሪደሩ የሳቂታ ሳቅ ተሰማ፤ ከጥበቃው ጋር ትቀልዳለች። ይህቺ ልጅ የትም ብትሄድ ይሆንላታል፣ እኔ ግን ያለኝ ይሄ ብቻ ነው፣ አለች እሜቴ በልቧ። እጇን ሰበሰበች። ቀሪውን አንድም ገጽ ሳታስቀር እስከ መጨረሻው ፈተሸች፤ ከዚያ እርሳሷን አንስታ ምልክቷን አደረገች።

ሳቂታ ሁለት ሻይ ይዛ ተመለሰች። የእሜቴ፣ እንደምትወደው፣ ስኳር የበዛበት ነበር። እሜቴ አመስግና ጠጣችው።

ቅዳሜ ጋሼ አስቀድመው የእሜቴን አዩ። ንጹሕ ነው፣ ጥንቃቄ አለው አሉ። የሳቂታን ሲያነሱ ፊታቸው በራ። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ለጥ ብሎ ተከፈተላቸው፤ ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ሁለት ጊዜ ዳበሱት። እሜቴ ያንን ፊት አየችና፣ እንኳን አደረግሁት አለች። ጋሼ ገጾቹን መግለጥ ጀመሩ። ዘጠና ስድስት ላይ ጣታቸው ቆመ።

ሳቂታ ጠጋ ብላ አየች፣ አፏን ያዘች፣ ከዚያ ሳቋ መጣ። ስከምር ተኝቼ ነበር ማለት ነው፣ አሁኑኑ እፈታዋለሁ ብላ መቀስ ትፈልግ ጀመር። ጋሼ ግን የመጨረሻውን ገጽ እያዩ ነበር። የእርሳሱን ምልክት አዩት፤ ቀና ብለው እሜቴን አዩዋት። በሁለት ዓመት ውስጥ እሜቴ የተዛባ የገጽ ተራ ስታሳልፍ አይተው አያውቁም።

«እሷን አይዩዋት፣ ጋሼ» አለች ሳቂታ ቶሎ ብላ። «በመመረቂያ ጽሑፏ የተነሳ ሳምንቱን ሙሉ አልተኛችም። ደክሟት ነው ያለፋት።»

እሜቴ ዝም ብትል ይበቃት ነበር። ሳቂታ ተሳስታለች፣ እሷ ደክማለች፣ ቦታውም ወደ እሷ ያዘነብል ይሆናል። ይህን ሁሉ አሰላችው። ያልቻለችው የሳቂታን መማለድ ነው። ደግነቷ እንኳ አስቀናት፤ በዚህም ልትበልጠኝ ነው?

«አይቼዋለሁ» አለች።

«ምኑን?» አለች ሳቂታ።

«ሐሙስ ዕለት አይቼዋለሁ። እያየሁ ነው ምልክት ያደረግሁበት። ቦታውን እንዳትወስጂብኝ ብዬ።»

ሳቂታ መቀሱን እንደያዘች ቆመች። ጋሼ መጽሐፉን ዘግተው ፊቷ አስቀመጡላትና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ስሙን ሰኞ አቀርባለሁ፣ የማን እንደሆነ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ አሉ። እሜቴ አወቀች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ሳቂታ ተቀምጣ ስፌቱን መፍታት ጀመረች። እሜቴ ተነሥቶ መሄድ አቃታት። የምትጠብቀው ነገር እንደሌለ እያወቀች ቦታዋ ላይ ቆየች፤ እጇም እንደ ልማዱ እርሳሱን አነሣ። ሳቂታ እጥፋቶቹን በየተራቸው ከመረች፣ ጠርዛቸውን በመዳፏ እኩል አደረገች፣ ክምሩን በሁለት እጇ ታቅፋ ተነሣች። በእሜቴ አጠገብ አልፋ ሄደችና ጋሼ ፊት አስቀመጠችው።

«እርስዎ ያጣሩልኝ» አለች።