እስከ ጳጉሜን ስድስት

አስናቀው ደብዳቤ መጻፍ ይችልበታል። ይህን የሚለው እሱ ራሱ ነው፤ ሌላ የሚልለት ሰው ስላልተገኘ። ጎንደር ፒያሳ አጠገብ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ ያለችው ጠባብ ክፍል የእሱ ናት። በሯ ላይ «የፋብሪካ ልቀት ክትትል ባለሙያ» የሚል ተለጥፏል። እውነቱን እንናገር ካልን ግን አስናቀው በስምንት ዓመት አገልግሎቱ በሚገባ የተከታተለው የምሳ ሰዓትን ነው።

ሥራው በወረቀት ሲታይ ቀላል ነው። በከተማዋ ዙሪያ ያሉ ፋብሪካዎች በዓመቱ ውስጥ ወደ ወንዝና ወደ አየር የለቀቁትን መርዛማ ኬሚካል፣ ዓይነቱንና መጠኑን ቅጽ ላይ ሞልተው እስከ ሰኔ ሠላሳ ማስገባት አለባቸው። አስናቀው ቅጹን ተቀብሎ ይመረምራል፤ ከዚያ ውኃው ለሰውና ለከብት ይሆን እንደሆነ ለገበሬው ያሳውቃል። ደንቡ ይህ ነው። አስናቀው ግን በየዓመቱ የሚቀበለው ቅጽ ሳይሆን ማመልከቻ ነው። «ባለሙያዋ ወሊድ ፈቃድ ላይ በመሆኗ»፣ «መብራት በመቆራረጡ»፣ «ኮምፒውተራችን በቫይረስ በመጠቃቱ» ጊዜው ይራዘምልን ይላሉ። እሱም ያራዝማል። «ጉዳዩን በጥሞና ከመረመርን በኋላ» ብሎ ይጀምራል። ምርመራው ሻይ ከማማሰል የበለጠ ጊዜ ወስዶ አያውቅም።

ከማመልከቻ አቅራቢዎቹ ሁሉ ታማኙ የማር ውኃ ቆዳ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ አቶ መልካሙ ነበሩ። አራት ዓመት ሙሉ፣ ሰኔ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከች ይላሉ። አስናቀው እምቢ የሚለው ቃል ከጉሮሮው አይወጣም። ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲለምነው ያፍራል። ለዚህም ነው «እኔ ጉቦ በልቼ አላውቅም» እያለ ደረቱን የሚነፋው። አንድ ቀን ግን ይህንኑ እያለ ሳለ አንድ ነገር ታሰበውና አፉን ዘጋ፤ ጉቦ የሚበላው ሰው ቢያንስ ወንዙን ሸጦ አንድ ነገር አግኝቷል፤ እሱ በነጻ ነው የሰጠው።

አስናቀው ሌላም የሚኮራበት ነገር አለው። በልጅነቱ እንፍራንዝ አጠገብ ካለ ደብር የቄስ ትምህርት ተምሯል። ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩት መሪጌታ የዘመናቱን አቆጣጠር እስኪያጠራ ድረስ ጆሮውን ሲቆነጥጡት ኖረዋል። እናም ቢሮ ውስጥ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ግድግዳ ላይ ካለ ካላንደር የሚፈልግ ሰው ሲያይ፣ «እኛ እንኳ በጣታችን ነው የምናወጣው» ሳይል አያልፍም። የሥራ ባልደረቦቹ ሰልችቷቸው በዓል ሲመጣ ካላንደሩን ተደብቀው ያያሉ።

ዘንድሮም ሰኔ መጨረሻ ላይ አቶ መልካሙ መጡ። አስናቀው ያን ቀን ቸኩሎ ነበር። የአምናውን ደብዳቤ ከኮምፒውተሩ አወጣ፣ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ቀየረ፣ አተመው፣ ማኅተም አስመታበት። «እስከ ጳጉሜን 6 ቀን ድረስ የተራዘመላችሁ መሆኑን እናስታውቃለን» ይላል። አቶ መልካሙ ደብዳቤውን አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት፤ ከወትሮው አጥብቀው እጁን ጨበጡትና ወጡ። አስናቀው ደብዳቤው አምሮላቸው ነው ብሎ ደስ አለው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ደግሞ ጥሩነሽ መጣች። ጥሩነሽ ከፋብሪካው በታች፣ ማር ውኃ ወንዝ ዳር የምትኖር፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ባል የሞተባት ገበሬ ናት። ያለቻት አንዲት ላም ብቻ ናት። ላሚቱ ሁለት ዓመት ተከታትላ ጨንግፋባታለች፤ አሁን ደግሞ ከብዳለች። አምና በበጋው ጥሩነሽ ወንዙን ጠርጥራ፣ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ምንጭ በአህያ እየቀዳች ነው ያጠጣቻት። ጎረቤቶቿ «ለላም ውኃ ቀጂ» እያሉ ሲስቁባት ከርመዋል። ወደዚህ ቢሮ ስትመጣ ይህ ሦስተኛዋ ነው።

«እኔ የልቀቱን ምናምን አላውቀውም፣ ጌታው» አለች ቆማ። «ክረምቱን በጣራ ውኃ አሳለፍኋት። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ይቆማል። ጉልበቴም እንዳምናው አይደለም። ላሚቱ ከወንዙ ትጠጣ ወይስ አትጠጣ፣ እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ይቀመጡ እንጂ፣ እትዬ ጥሩነሽ። ሪፖርቱ ሳይገባ እኛ ምንም ማለት አንችልም። ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ቀኑን ቆርጠን ሰጥተናቸዋል።»

«መቼ ነው?»

«ጳጉሜን ስድስት ይምጡ።»

«ጳጉሜን ስንት አሉኝ?»

«ስድስት።»

«ምነው፣ ምን በደልሁህ?» አለች፤ አንቱታው ወረደ። «አልነግርሽም ብትለኝ አንድ ነገር ነው። ምነው ታላግጥብኛለህ? ዘንድሮ ዮሐንስ አይደል? ጳጉሜን ስድስት የምትሆን በሉቃስ ነው። ሉቃስ አምና ሄደ።»

አስናቀው ሳቀ። ሊያስረዳት፣ ይህቺን ያልተማረች ሴት በፍቅር ሊያርማት፣ ጣቱን ዘርግቶ መቁጠር ጀመረ። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። አራተኛው ጣቱ ላይ ሳቁ ቆመ። እንደገና ከአውራ ጣቱ ጀመረ፤ ወንጌላውያኑ ቦታቸውን አልለወጡለትም። ዘንድሮ ጳጉሜን አምስት ቀን ናት። ቀጥላ ስድስት የምትሆነው ማቴዎስ አልፎ፣ ማርቆስ አልፎ፣ ሉቃስ ሲያልቅ ነው። ፋብሪካውን ሁለት ወር ያራዘመለት መስሎት ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሰጥቶታል። መሪጌታ በሕይወት ኖረው ይህን ቢያዩ ጆሮውን ነቅለው ይወስዱት ነበር። ቀና ሲል ጥሩነሽ የለችም፤ ደረጃውን ወርዳለች።

ባጃጅ ይዞ ፋብሪካው ደረሰ። አቶ መልካሙ ለስላሳ አስከፈቱለት።

«ትንሽ የፊደል ግድፈት ገጥሞን…» ብሎ ጀመረ አስናቀው።

«የጳጉሜኗን ነው? አይተናታል እኮ። ያኔውኑ ነው ያየናት።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«የመንግሥትን ደብዳቤ ማረም የኛ ሥራ ነው እንዴ?» አቶ መልካሙ በእውነት የተገረሙ መሰሉ። «እኛ ሕግ አክባሪ ድርጅት ነን፣ አቶ አስናቀው። ቀኑ ሲደርስ አንዲት ቀን አናሳልፍም። ለመሆኑ ያን ዕለት ቢሮ ክፍት ናችሁ? ዋዜማ ነው መቼም።»

አስናቀው «ክፍት ነን» አለ። ከግቢው ከወጣ በኋላ ነው ምን ብሎ እንደመለሰ የገባው።

አለቃው ሐረገወይን ጉዳዩን ስትሰማ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። የመሥሪያ ቤቱን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር ገለበጠችው። «ማራዘሚያ አለ» አለች በመጨረሻ። «ማሳጠሪያ የሚባል ነገር ግን የለንም። ማኅተም ያረፈበትን ቀን ዝም ብለን ብናሳጥር ይከሱናል። ይህ ነገር ከተነሳ ደግሞ ያለፉት አራት ዓመታት ደብዳቤዎችም ይነሳሉ። ሁሉም ላይ ያንተ ፊርማ አለ። ለጊዜው ዝም በል፤ ሰው ይረሳል።»

አስናቀው ራሱን ነቀነቀ። ራስ መነቅነቅ ከደብዳቤ ቀጥሎ የሚችልበት ሥራ ነው። ማታ ቤቱ ሆኖ ግን የጥሩነሽ «ምን በደልሁህ» እህል አላስበላ አለው። ስንት ሰው ሰድቦት ያውቃል፤ ስድብ ይለመዳል። እሷ ግን አልሰደበችውም፤ ሆን ብሎ ያላገጠባት መስሏት በድያለሁ ወይ ብላ ነው የጠየቀችው። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚመለስ አያውቅም ነበር። በእውነት አፈረ።

ጳጉሜን አምስት፣ የዓመቱ መጨረሻ ቀን፣ ሙሉ ልብሱንና አዲሱን ጫማውን አድርጎ ወደ ማር ውኃ ወረደ። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያጠና ነበር። «በአሠራር ክፍተት ምክንያት» የምትል ሐረግ ተገኝታለት ወድዷት ነበር፤ ሁለተኛው ጭቃ ላይ ሲንሸራተት ጠፋችበት። ጥሩነሽ ደጇ ላይ ተቀምጣ ጌሾ ስትለቅም አገኛት። ስታየው አልተነሳችም፤ ግን እንግዳ ነውና በርጩማ ሰጠችው።

«ቀኑን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ላላግጥብዎት አልነበረም» አለ። «ተሳስቼ ነው። አሁን ደግሞ ማረም አልተቻለም። ሪፖርቱ እስከ ሉቃስ አይመጣም።»

«እስከ ሉቃስ» አለች እሷ። «ላሚቱ ጥቅምት ላይ ነው የምትወልድ።»

ላቡ ኮሌታውን አርሶታል። ጥሩነሽ ገብታ በጣሳ ውኃ አምጥታ ሰጠችው። አስናቀው ተቀበለ፣ ወደ አፉ አስጠጋ፣ ከዚያ ጣሳውን ዝቅ አደረገ።

«ከየት የተቀዳ ነው?» አለ።

ቃሉ ካፉ ሲወጣ ራሱ ሰማው። ጥሩነሽ ልትለቅመው ያነሳችውን ጌሾ መልሳ አስቀመጠች። ቁጣም አልነበረባትም።

«በል እንግዲህ» አለች። «ሦስት ጊዜ ጎንደር ድረስ የተመላለስሁ ይኸን ልሰማ ነበር። ጠጣው፤ የምንጭ ነው።»

ጠጣ። ውኃው ቀዝቃዛ፣ ሸጋ ውኃ ነበር። በሕይወቱ እንደዚያ ውኃ የከበደው ነገር የለም።

«ለእኔስ ነገርኸኝ» አለች ጥሩነሽ። «እነዚህ ጎረቤቶቼ ግን የኔን ቃል አያምኑም። ና፣ ለእነሱም ንገር።»

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቷ አያ ክንዱ ሰባት ከብቶቻቸውን ወደ ወንዙ እየነዱ ያልፋሉ። ሁለት ሦስት ሰዎችም አብረዋቸው አሉ። ጥሩነሽ ተጣርታ አስቆመቻቸው። ሁሉም የከተማ ልብስ የለበሰውን፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነውን ሰው አዩት።

አስናቀው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጉዳዩን በጥሞና…» ካለ በኋላ አቆመ። ያቺ አረፍተ ነገር እዚህ ሜዳ ላይ ማንንም አትመለከትም። «ከዚህ ወንዝ ከብት አታጠጡ» አለ። «ልጅም አይታጠብበት። ፋብሪካው የሚለቀውን መናገር ነበረበት። እንዳይናገር በየዓመቱ ጊዜ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አስናቀው እባላለሁ።»

ማንም አልሳቀም፤ ማንም አልተቆጣም። አያ ክንዱ ዱላቸውን ተደግፈው ትንሽ አሰቡ። «የኔዎቹም ሦስት ጨንግፈዋል» አሉ። «እኛ መጋኛ ነው ብለን ስንት ቀን ጠበል አስረጭተናል። አንተ መቼ አወቅኸው?»

አስናቀው አሁን ያወቅሁት ነው ሊል ፈለገ። ናሙናው፣ ቅጹ፣ ምርመራው… ሁሉም ምላሱ ላይ መጡ። ነገር ግን በየዓመቱ ከዚያ ፋብሪካ ሲመለስ፣ ድልድዩ ላይ ቆሞ፣ የውኃውን አረንጓዴ መልክ አይቶ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ሸፍኖ ያለፈባቸው ቀኖች ነበሩ።

«የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍ አውቅ ነበር፣ አያ» አለ።

ሽማግሌው ዞር ብለው ከብቶቻቸውን አዩ። ከብት ስብሰባ አይጠብቅም፤ እነሱ ሲነጋገሩ ቁልቁለቱን ወርደው ነበር። አያ ክንዱ ዱላቸውን ጥለው ሮጡ፤ ጥሩነሽም ነጠላዋን ጥላ፤ አስናቀውም አንድ እግር ጫማውን ጭቃ ውስጥ ትቶ ተከተለ። ቀድሞ የደረሰው እሱ ነበር። ወንዙ ውስጥ ዘሎ ገብቶ የፊተኛዋን ላም ቀንድ በሁለት እጁ ያዘ፣ በኃይል ወደ ላይ ሳበ። ላሚቱ ግን ጠጥታ ጨርሳ አፍንጫዋን እየላሰች ነበር።