ቲዲር ያልሰማው ስም

ጫማ ሰፊው ቲዲር መዶሻ ባነሣ ቁጥር በሩ ላይ ሰው ይናገራል። መዶሻው ቆዳው ላይ ሲያርፍ አንድ የወንድ ድምፅ ይነሣል፣ አንዲት ቃል ይላል፤ መዶሻው ሲቆም ድምፁም ጸጥ ይላል። ቀና ብሎ ቢያይ ማንም የለም። እንዲህ ሲሆን ዘጠኝ ዓመት አለፈው። ድምፁ የማን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። የማያውቀው ቃሉን ነው።

ለማንም ተንፍሶ አያውቅም። ምን ብሎ ይናገር? የናንትዱ መንደር ባፕቲስት ጸሎት ቤት ዲያቆን ነው፤ መዝገቡም በእጁ ነው። በሸለቆው ውስጥ ድምፅ ይመጣብኛል የሚል ሰው ቢገኝ በጉባኤ ፊት አቁሞ የሚገሥጸው እሱ ራሱ ነው። ሚስቱ ማርጌድ ብቻ ነገሩ ትንሽ ሸቷታል።

«እንደ ሰው አትመታም እንዴ?» ትለዋለች። «አንዴ መታ ታደርግና ጆሮህን ትቀስራለህ። ሶሉ ምን አለህ?»

«ሥራሽን ሥሪ፣ አንቺ ሴት።»

«እኔማ እየሠራሁ ነው። አንተ ነህ ከቆዳ ጋር ወሬ የያዝከው።»

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። በዌልስ ተራሮች የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ያጠምቃል፤ ያጠመቀውንም በመዝገቡ ይጽፋል። የቲዲር ጸሎት ቤት ሰዎች ግን ሰው አድጎ በራሱ አፍ ካላመነ ውኃ አያስነኩትም። ስለዚህ ልጅ ሲወለድላቸው ልደቱን በራሳቸው መዝገብ ያሰፍራሉ። አባትየው ስሙን ለመዝገብ ያዡ ይነግራል፤ እሁድ ከመድረኩ ይነበባል፤ እስከዚያ ድረስ እናቲቱ እንኳ አትሰማውም። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ሰባኪው አጉል ነገር ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ሰብኮበታል። ሁለቱንም ጊዜ አሜን ብለው ሰሙት፤ ከዚያ ልማዳቸውን ቀጠሉ።

የድንጋይ ካባ ሠራተኛው ኢቫን የበኩር ልጁ በተወለደ በማግስቱ ወደ ቲዲር ሱቅ መጣ። ያኔ ከጌታ ራት ታግዶ ነበር፤ በእኅቱ ሠርግ ላይ ሲጨፍር ታይቷል። ያየውም የከሰሰውም ቲዲር ነው። እውነቱን ለመናገር ኢቫን ሲጨፍር ያምርበት ነበር፤ ቲዲርን ይህም ሳያናድደው አልቀረም።

«ወንድም ቲዲር፣ ወንድ ነው!» አለ በሩን ሞልቶ ቆሞ። ጥርሱ አልከደን ብሎት ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እሁድ ጉባኤው ፊት ቆመህ ንስሐ ትገባለህ፤ ያኔ እንጽፈዋለን።»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ልጁ እንደሆነ ገና አልጨፈረ።»

«ሥርዓት ሥርዓት ነው።»

«እሺ፣ ስሙን ልንገርህና አንተ ጋ ይቆይ።»

ቲዲር መዶሻውን አነሣ። ጉልበቱ ላይ ባስቀመጠው ድንጋይ ላይ ቆዳውን ይቀጠቅጥ ጀመር። ኢቫን አፉን ሲከፍት አይቶታል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስም አይቶታል። ይህን እያየ ነው አጥብቆ የመታው። ኢቫን ስሙን ተናገረና ሄደ።

ሕፃኑ በአራተኛው ቀን ሞተ። ያልተጠመቀ ነው ተብሎ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተከለከለ፤ ከተራራው ወገብ ላይ፣ ከበጎች ማጎሪያ አጥር ጥግ ቀበሩት። እናቱ ሎውሪ ስሙን ለመነች፤ አለቀሰች። ኢቫን ግን «ቲዲር ጋ ትቼዋለሁ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ጸሎት ቤቱንም ዳግመኛ አልረገጠም። ግትር ሰው ነበር፤ የተጎዳ ሰው ግትርነት ደግሞ መድኃኒት የለውም። ባለፈው ክረምት የድንጋይ ካባው ተናደበትና ስሙን ይዞት ሄደ።

ቲዲር በመዝገቡ ውስጥ ቀኑን፣ የአባትና የእናቱን ስም ጽፎ የልጁን ቦታ ባዶ ትቶታል። ለምን እንደተወው ለራሱም አላስረዳም። መጽሐፉን በከፈተ ቁጥር ግን ዓይኑ ሳይፈልግ እዚያ ይወድቃል፤ ገጹን ቶሎ ይገልጠዋል።

ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠች በሦስተኛው ዓመት የየጸሎት ቤቱ መዝገብ ተሰብስቦ ለንደን እንዲቀመጥ ተባለ። ዳኛ ፊት የሚታመን ማስረጃ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም አንዲት ፊደል አይጨምርበትም። ከመሄዱ በፊት ያዡ «የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው» ብሎ መፈረም አለበት። የናንትዱ መዝገብ ዓርብ ሊሄድ ሐሙስ ከሰዓት ሎውሪ መጣች።

«ወንድም ቲዲር፣ መዝገቡ ነገ ይሄዳል ሲሉ ሰማሁ።»

«አዎ፣ እኅት ሎውሪ። ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። ኢቫን በሕይወት ሳለ ደጅዎን እንዳልረግጥ ከልክሎኝ ነበር። አሁን ከልካይ የለኝም። የልጄን ስም ያንብቡልኝ።»

መዝገቡ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከፈተው። ሎውሪ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቀስ ብላ ተጠጋችና ጣቱ ባረፈበት መስመር ላይ የራሷን ጣት አሳረፈች። የነካችው የራሷን ስም ነበር። የልጇን መስሏት ዳበሰችው።

«እዚህ ነው ያለው?»

«እዚህ ነው» አለ ቲዲር።

ምን ይከብደዋል? ዳንኤል ቢላት ዳንኤል ነው። ናታን ቢላት ናታን ነው። ዕንባዋን ጠርጋ፣ መርቃው ትሄዳለች። ኢቫን ከመቃብር ተነሥቶ አይመሰክርበት። የውሸቱ ስም ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጣቷን አየና ዋጠው።

«ባዶ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«የልጁ ቦታ። አልጻፍኩትም። ስሙን አላውቀውም።»

«ነግሬዋለሁ ብሎኛል እኮ!»

«ነግሮኛል። እየመታሁ ነበር። እንዳልሰማ ብዬ ነው የመታሁት።»

ጓዳ ውስጥ ቅቤ ስትንጥ የነበረችው ማርጌድ እጇን ገታች። ሎውሪ አልጮኸችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

«ዘጠኝ ዓመት» አለች ሎውሪ፣ «እርስዎ ጋ አለ ብዬ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። እኔ ባላውቀውም አንድ የሚያውቀው ሰው አለ፣ ልጄ ጨርሶ አልጠፋም ብዬ።»

ቲዲር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ለሚስቱ እንኳ ያልነገረው ነገር ያኔ አመለጠው።

«አሁንም ይለዋል።»

«ማን?»

«ኢቫን። መዶሻ ሳነሣ እዚያ በር ላይ ይናገራል። ካባው ላይ ሲሠራ፣ በሕይወት ሳለ እንኳ ድምፁ እዚህ ነበር። ሲሞትም አልቀረም። ቃሉን ለመያዝ ያልሞከርኩት የለም፤ ቀስ ብዬ መታሁ፣ ፈጥኜ መታሁ። አይያዝልኝም።»

ያበደ መስሏት ትሄዳለች ብሎ ጠበቀ። ሎውሪ ግን ዞራ ወደ በሩ ሄደችና ደፉ ላይ ቆመች፤ ኢቫን ቆሞበት በነበረው ቦታ።

«ይምቱ» አለች።

መታ። ድምፁ እንደ ወትሮው ተነሣ፤ ቅርብ፣ ሞቅ ያለ፣ ደስ ያለው ሰው ድምፅ። ቲዲር ቃሉ እንደ ሁልጊዜው ከጆሮው ሲያመልጥ ተሰማው። ለሎውሪ ግን ዓሥራ አንድ ዓመት አብራው የኖረችው የባሏ ድምፅ ነው። ፊቷ መጀመሪያ ክው አለ፣ ከዚያ ለዘብ አለ። ከንፈሯ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። ቲዲር ያንን የከንፈር አኳኋን ያውቀዋል፤ አንድ ጊዜ አይቶታል።

መዶሻውን ወረወረና የሚጽፍበትን ላባ ቀለም ውስጥ ነከረ። «ሰማሽው! ንገሪኝ። አሁኑኑ ልጻፈው፣ ለንደን ድረስ ይሂድ!»

ሎውሪ ታለቅሳለች፤ ትስቃለችም።

«ኢቫን ነግሮዎታል» አለች።

«እባክሽ፣ እኅቴ። ልጁ ከመዝገብ ይቀራል።»

«ይቅር። አሁን እኔ ጋ ነው ያለው።»

ሌላ ቃል ሳትጨምር ወጣች። ቲዲር መዶሻውን ከመሬት አንሥቶ መታ። ደግሞ መታ። ከብረትና ከቆዳ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ማርጌድ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችው፤ የምታሾፍበት ነገር አልመጣላትም።

ላባውን እንደያዘ ተከትሏት ሮጠ። መንገዱ ዳገት ነው፤ ስልሳ ዓመቱ ነው፤ ልቡ ጎኑን እየደለቀው ወጣ። ሎውሪን የበጎቹ አጥር ጥግ አገኛት። ጀርባዋን ሰጥታው ተንበርክካለች። መዳፏን ሣሩ ላይ ጥላ፣ እናት የተኛ ልጅ ስትቀሰቅስ እንደምትጣራው ልትጣራ ነው። ነፋሱ ከእሷ ወደ እሱ ይነፍሳል። ሦስት እርምጃ ቢጨምር ይሰማዋል። ዘጠኝ ዓመት የፈለገው ነገር ሦስት እርምጃ ቀረው።

ትንፋሽ ስትስብ ትከሻዋ ከፍ አለ።

ቲዲር ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ይዞ ቁልቁል ወረደ። የላባው ቀለም በጉንጩ ላይ ፈሰሰ። በማግስቱ ሰባኪው ባዶውን ቦታ አይቶ «ይህስ?» ሲለው፣ «እሱም እውነት ነው» አለና ከሥሩ ፈረመ።