ሽታው የተሻሻለ አበባ

አትክልተኛዋ የጌጥ ሽንኩርቷን ከዘር አንስታ አበባ እስኪይዝ አራት ዓመት ጠብቃለች። ድስት ውስጥ የሚገባው ዓይነት አይደለም፤ ቀጥ ባለ አገዳ ጫፍ ላይ እንደ ኳስ የተድቦለቦለ ወይን ጠጅ አበባ የሚያወጣ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ግቢ፣ ከሥራ አስኪያጁ መስኮት ሥር፣ ሠላሳ ስድስቱም በአንድ ሳምንት ፈኩ።

ሥራ አስኪያጁ መስኮቱን ከፍቶ አፍንጫውን ያዘ።

«ይሄ ነገር ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።»

«ሽንኩርት እኮ ነው ጌታዬ።»

«ቅጠሉስ ለምን ቢጫ ሆነ?»

«ሲያብብ ቅጠሉ ይደርቃል፤ ጠባዩ ነው።»

«ጠባዩን ያስተካክል። የበላይ ኃላፊው በወሩ መጨረሻ ይጎበኙናል። ያን ቀን አብቦ፣ ሳይሸት ካልጠበቀኝ ይነቀልና ሣር ይተከልበታል።»

ወሩ ሳያልቅ አበባው ደረቀ። አገዳውና ድቡልቡሉ ግን እንደቆሙ ቀሩ። አትክልተኛዋ አራት ዓመቴን ውሃ ሊበላው ነው ብላ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ከአጥሩ ቅብ የተረፈ ቀለም ይዛላት መጣች።

«ቀቢያቸው እትዬ።»

«ልጄ፣ አበባ ይቀባል?»

«እኔ በየወሩ ሪፖርት እቀባ የለ?»

ኃላፊው በመጡ ቀን አበባው ነፋስ እንኳ ሳይነቀንቀው ጠበቃቸው። ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

«አዲስ ዕቃ አዲስ ዕቃ ይሸታል» አሉ ደስ ብሏቸው።

«ዝርያው ተሻሽሎ ነው ጌታዬ» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ «በእኔ ክትትል።»

ከዚያ ወዲያ አበባው ዓመቱን ሙሉ እንዳይረግፍ ታዘዘ። አትክልተኛዋም ዝናብ በመታው ቁጥር ትቀባለች። ምን ታድርግ፤ ሥሩ ከመሬት አልተነቀለባትም።

ወቅቱ ዞሮ ሲመጣ ከተቀቡት አገዳዎች መሀል ለስላሳ አረንጓዴ ቅጠል ብቅ ብቅ አለ። ሥራ አስኪያጁም በመስኮቱ ብቅ አለ።

«አበባው መሀል አረም በቅሏል። ዛሬውኑ ይነቀል።»

«የትኛው ጌታዬ?»

«አረንጓዴው ነዋ።»

እያንዳንዱን ከነሥሩ ከነአፈሩ ቀስ ብላ አውጥታ በከረጢት ያዘች። የተቀቡትን አገዳዎች መልሳ በየቦታቸው ሰካች። በር ላይ ጸሐፊዋ አገኘቻት።

«እትዬ፣ ምን ተሸክመሽ ነው?»

«አረም።»

አረሙ በአትክልተኛዋ ደጃፍ ሽንኩርት ሽንኩርት እያለ አበበ። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ሥራ ገብታ ሠላሳ ስድስት ደረቅ እንጨት ውሃ ታጠጣለች። ሥራ አስኪያጁ ከመስኮቱ ሆኖ ያያታል፤ ያሳነሰች ከመሰለው «ጨምሪ» ይላታል።