ጥቁር ጥርስ፣ የተሸፈነ ሳቅ

ጥቁር ነበር ጥርሷ። እንደ ከሰል የጠቆረ፣ እንደ ጉድጓድ ውኃ የሚያብለጨልጭ... በነሐሱ መስታወት ውስጥ፣ ከተዘጋ ከንፈር ኋላ።

በጃፓን፣ በመሳፍንቱ ዘመን፣ ባል ያገባች ሴት ጥርሷን ታጠቁር ነበር። ኦሺኖም ብረት በተዘፈዘፈበት ኮምጣጤ ጥርሷን ትቀባለች። ከብት በጆሮው ምልክት ይታወቃል፤ እሷም በጥርሷ።

"ሸፍኚው" ይላሉ አማቷ፣ እሜቴ ኦቶሴ።

ስትስቂ አፍሽን በእጅጌሽ ሸፍኚው። ስትራመጂ ቁርጭምጭሚትሽን ሸፍኚው። ስትናፍቂ... እሱንማ ጭራሽ ሸፍኚው!

ባሏ ጂንበይ የሐር ነጋዴ ነው። ሽቶውን ተቀብቶ ይወጣል፣ ቀይ ፋኖስ ወደተንጠለጠለበት ሰፈር፣ ሴቶች ከእንጨት ፍርግርግ ኋላ ተደርድረው ወደሚመረጡበት። ሲነጋ እያፏጨ ይመለሳል። ጎረቤት ይስቃል፣ እናቱም ይስቃሉ።

"ወንድ አይደል? ይጫወት እንጂ!"

እሱ ሲሄድ ጨዋታ ነው። እሷ ቀና ስትል ነውር ነው።

ከፍርግርጉ ኋላ ያሉትስ? ማንም አይጠይቅም። ኦሺኖ ግን ታስባቸዋለች። እነሱ መውጣት አይችሉም፤ እሷም አትችልም። የነሱ በር ቀይ ፋኖስ አለው። የሷ በር አማት አለው።

ሠላሳ ሊሞላት ነው። ገላዋ ገና ይሞቃል፣ ልቧ ገና ይዘላል... ለማን ይነገራል? ሸፍኚው።

ዝናብ በጣለበት ቀን የወረቀት ጃንጥላ ጠጋኝ መጣ። የጠገነውን ሊያሳያት ዘረጋው። ሙጫው ያልደረቀው ወረቀት ተተረተረና ውኃው አናቱ ላይ ዷ!

"የኔ እጅ እኮ አንደኛ ነው፣ እመቤቴ" አለ ከአፍንጫው ውኃ እየተንጠባጠበ። "ዝናቡ ነው ሥራ የማያውቀው።"

ሳቀች ኦሺኖ። እጅጌዋን ረሳች። ጥርሷ እስኪታይ፣ አፏን ከፍታ ሳቀች።

ይኸው ነው ጥፋቷ። በቃ፣ ይኸው ነው!

"ለወንድ ጥርሷን አሳየች" አሉ አማቷ። ጎረቤት "ጠቀሰችው" አለ። የጎረቤት ጎረቤት "አቀፈችው" አለ። ምስኪኑ ሳቅ፣ መንደሩን ዞሮ ሳይጨርስ መኝታ ቤት ገብቶ ነበር።

በዚያ አገር ባል የማገጠች ሚስቱን ከነውሽማዋ ቢገድል፣ ለምን የሚለው የለም። ጠጋኙ ይህን ያውቃልና ዕቃውን አዝሎ ጠፋ። ወንድ ነው፣ መንገዱ ክፍት ነው። ጂንበይ ደግሞ ከንግድ ጉዞው ሊመለስ ነው። አማቷ በሩን ይጠብቃሉ፣ ሎሌው ጎሄይ አጥሩን ይጠብቃል... እሷ ሞቷን ትጠብቃለች።

ከኮረብታው ላይ የሴት መነኮሳት ገዳም አለ። ከባሏ ሸሽታ በሩን ያለፈችን ሴት ማንም አይወስዳትም፤ ዓመታት አገልግላ ፍቺዋን ታገኛለች። እግሯ ባይደርስ እንኳ ጫማዋን ትወርውር፤ የለበሰችው ነገር በሩን ካለፈ እሷም አለፈች። ወጉ ነው።

ጠዋት አማቷ ለጸሎት ዓይናቸውን ሲጨፍኑ፣ ወጣች ኦሺኖ።

ሮጠች። በሩዝ ማሳው ዳር ሮጠች፣ በቀርከሃው መሃል ሮጠች። ጭቃው አንዱን ጫማ ዋጠ። ሌላውንም ደገመው።

"እመቤቴ! ኧረ ይቁሙ! እኔ ነኝ የምገረፈው!" ይላል ጎሄይ ከኋላዋ።

የገዳሙ በር እፊቷ ሲደርስ፣ እጅጌዋን ለቀም አደረጋት።

ምን ትወርውር? ጫማ የለ። መንገደኛው ቆሟል፣ ነጩን ሥር፣ ራዲሽን፣ የሚሸጠው ቆሟል፣ ሁሉም ያያታል። ሸፍኚው፣ ይላል በውስጧ ያ ድምፅ... ሸፍኚው፣ ሸፍኚው።

መቀነቷን ፈታች።

በጠራራ ፀሐይ፣ በአደባባይ፣ የጨዋ ቤት ሚስት መቀነቷን ፈታች! ኪሞኖዋ ተከፈተ፣ የውስጥ ልብሷ ታየ። ራዲሽ ሻጩ "ወይ ጉድ!" ብሎ ዓይኑን ጋረደ፣ ጣቶቹን ግን ከፈት አድርጎ ነው። ጎሄይ እጅጌዋን እንደያዘ ፊቱን አዞረ። እሷም ወረወረች። መቀነቱ አየር ላይ ተጥመለመለ፣ ተዘረጋ... ከበሩ ወዲያ፣ ግቢው ውስጥ ወደቀ።

በረኛዋ አሮጊት መነኩሲት አነሡት።

"ልቀቃት" አሉ ጎሄይን። "ገብታለች።"

ገባች። በሩም ከኋላዋ ተዘጋ... ሌላ በር፣ ሌላ አጥር። ጸጉሯ ይቆረጣል፣ ዓመታት ወንድ አታይም፣ የሚሞቀው ገላዋም በቀዝቃዛ ወለል ላይ ይተኛል። ከአጥር ወደ አጥር ነው የሄደችው ብትሉኝ፣ አልክድም።

"ምን አድርገሽ ነው የመጣሽው፣ ልጄ?" አሉ መነኩሲቷ መቀነቷን እያቀበሏት።

"ስቄ።"

አሮጊቷ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቁ፣ ድዳቸው እስኪታይ። ኦሺኖም ልብሷን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ የምትሸፍንበት እጅ አጥታ፣ ሳቀች።

ጥቁር ነበር ጥርሷ። ያን ጠዋት አልተቀባምና ጫፍ ጫፉ ነጣ ነጣ ብሎ... በተከፈተ ከንፈር መሃል፣ ፀሐይ ላይ።